ዝናቡ የአባቴ ነው

እሁድ ጠዋት የውሃው በርሜል ሞልቶ ሲፈስ አባቴ አጠገቡ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሽ ነበር። አጠገቡ ስል እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል ማለቴ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ ያጓራል፣ ከዚያ የበርሜሉን ሆድ መደብደብ ይጀምራል። ያን ማስነጠስ ከግቢው ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚሰማው አባቴ ነበር። እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ እናቴን «ፋዲላ፣ ውሃ!» እያለ ይነሳል፤ ጎረቤቶቻችንም ቧንቧውን ሳይሆን እሱን ሰምተው ነበር ባልዲ የሚያነሱት። ዛሬ ግን ውሃው ከበርሜሉ አፍ ተርፎ፣ በሲሚንቶው ላይ ወርዶ፣ ነጠላ ጫማው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቀና አላለም። እግሩ ሲረጥብ ብድግ አለና መጀመሪያ ያየው ሰማዩን ነው፤ የዘነበ መስሎት። ከዚያ በርሜሉን አየ፤ ከዚያ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አየ። «ተዘናጋሁ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩለት። በሩን ግን ተደገፍኩ።

አባቴ መሐመድዘይን ሹፌር ነው። ከአዳማ አሰላ ይሠራል፤ ዴራን አልፎ በሁሩታ በኩል፣ ስንዴ ጭነው ቁልቁል ከሚመጡ ትልልቅ መኪኖች ጋር እየተጋፋ። ልጅ ሳለሁ ግቢያችን በር ላይ ጀርባውን ለአስፋልቱ ሰጥቶ ይቀመጥና የሚያልፈውን መኪና ሳያይ ይነግረኝ ነበር። «አይሱዙ ነው፣ ባዶውን ነው። ይሄ ኮስተር ነው፣ ፍሬኑ አልቋል።» ዞሬ አያለሁ፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እንግዲህ ይህ ሰው ነው በርሜል ሲደበደብ ያልሰማው። ነገ ጠዋት ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ሞልቶ ከመናኸሪያ ይወጣል።

እናቴ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሽንኩርቱ ዋጋው እንደገና ስለጨመረ ከወትሮው አሳንሳ፣ አሳስታ፣ ቁም ነገር እንደያዘ ሰው ጎንበስ ብላ ነበር የምትከትፈው። «እማ፣ አባ ጆሮው…» አልኩ። ቢላዋው ቆመ። ቀና ሳትል «በሩን ዝጊው» አለችኝ። ዘጋሁት። በረመዳን ለሌሊቱ ሱሁር እግሩን እየነካካች እንደቀሰቀሰችው፣ ከዚያ ወዲህም አዛን ሲል በዓይኗ ምልክት እንደምትሰጠው፣ ስልክ ሲደወልለት ስክሪኑን አይቶ ነው እንጂ ሰምቶ እንደማያነሳ፣ ሁሉንም ያለማቋረጥ ነገረችኝ። ለካ ታውቃለች። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን፣ አንድ ትሪ እየበላን፣ እሷ ለብቻዋ ታውቃለች።

«እና ነገ ይንዳ?» አልኳት።

«ዓይኑ ደህና ነው፤ ሰው የሚነዳው በዓይኑ ነው» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ ምን ብዬ ልንገረው? ደንቁረሃል ልበለው? አንቺ ትይዋለሽ? ወላሂ እኔ አልችልም። ዱዓ እያደረግኩ ነው» አለችኝ። ከዚያ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። እኔም እዚያው ቆምኩ፤ ሁለታችንም ዓይናችንን ማን እንዳስለቀሰው ሳንነጋገር በሽንኩርቱ ላይ አላከክነው።

ወደ ግቢው ስወጣ ይትባረክ ሚኒባሱን ያጥባል። ይትባረክ የአባቴ ረዳት ነው፤ ልጆች ያሉት፣ ሽበት የጀማመረው ሰው፤ አባቴን ዛሬም «ጋሼ» ነው የሚለው። ጠጋ ብዬ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጨምቆ ግራ ቀኙን ካየ በኋላ፣ «እኔ'ኮ ቤታችሁ የሚያውቅ መስሎኝ ነው» አለ። ወራጅ ሲኖር ትከሻውን እንደሚነካው ነገረኝ። እሮብ ዕለት ደግሞ ዴራን እንዳለፉ ከኋላቸው ሲኖ ትራክ ክላክሱን ለቆ ሊቀድማቸው ወጣ፤ አባቴ በዚያው ቅጽበት ጉድጓድ ሊሸሽ መሪውን ወደ ግራ ሰበረ። «ሴቶቹ ጮኹ። ጋሼ ክላክሱንም ጩኸቱንም አልሰማ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መድኃኔዓለም አወጣና። ሲኖው አቧራ ውስጥ ገብቶ አለፈን። ጋሼ 'ይሄ ባለጌ ክላክስ እንኳን አያደርግም' አለ።» ይትባረክ ጎማውን ማሸት ጀመረ። ፊቱን ሳያዞርልኝ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ በሞጆ መስመር ሌላ መኪና ላይ ሥራ እንዳገኘ ነገረኝ። «ለእሱ ግን እንዳትነግሪው አደራ። ወገቤን አሞኛል እለዋለሁ። እንዴት ብዬ ፊት ለፊት እላለሁ?» አለኝ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ይኸው ነው፤ ሰውየውን እንዳናስቀይመው ገደል አፋፍ ድረስ በትሕትና ሸኝተን እንመለሳለን።

ከዙሁር ሶላት በኋላ አባቴ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ሽቶውን ነስንሶ፣ ሁልጊዜ የሚይዘውን አሮጌ ካሴት ኪሱ ከቶ ወጣ። እሁድ እሁድ ጋሽ ማናሴ ሱቅ የዘፈን ዳኝነት አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬው እሄዳለሁ፤ ልብስ ቤት ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ሳልሰንፍ አልቀረሁም፣ ዛሬ ግን ብቻውን መሪ እንዲይዝ አልፈለግኩም። ጋቢና ተቀመጥኩ። ከሰፈራችን እስከ ፖስታ ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እኔ ግን እጄ እስኪደነዝዝ ወንበሩን ጨብጬ ነበር። እሱ ዘና ብሎ ስለ አየሩ ሙቀት ያወራል። እኔ የማወራውን ለማየት ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ያነሳል፤ ይህን ሳውቅ ማውራት አቆምኩ። መታጠፊያው ላይ ከቀኝ በኩል አንድ ባጃጅ ክላክሱን እያንጫረረ ወጣ። አባቴ ወደ ግራ እያየ ወደ ፊት ገፋ። «አባ!» ብዬ ጮህኩ፤ ወዲያው መጮሁ ምንም እንደማይሠራ ትዝ ብሎኝ ክንዱን ያዝኩት። ፍሬን ያዘ። ባጃጁ ከመኪናችን አፍንጫ በጣት ስፋት አለፈ፤ ውስጡ ሕፃን ያቀፈች ሴት ነበረች፤ አፏን ከፍታ ነበር። አባቴ ላቡን ጠረገና «ዘንድሮ ባጃጆቹ እንደ ጅብ በዝምታ ነው የሚወጡት» አለ። ያወቀ መስሎኝ አየሁት። ዓይኑን አሸሸ። ያወቀም ያላወቀም ይመስል ነበር።

የጋሽ ማናሴ ሱቅ ከፖስታ ቤት ጀርባ ነው። ድሮ ቴፕና ቴሌቪዥን ይጠግኑበት ነበር፤ አሁን የሚመጣላቸው የተቃጠለ ምድጃና የስልክ ቻርጀር ነው። ግድግዳው ሙሉ ባለቤት ያጡ ቴሌቪዥኖች ተደርድረዋል፤ መሐላቸው ግን አንድ የካሴት ማጫወቻ ዴክ በጨርቅ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ያ ለዳኝነቱ ብቻ ነው። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ አባቴ፣ ጋሽ ማናሴ፣ እንዲሁም ጋሽ ጉተማ። ጋሽ ጉተማ ባቡሩ ከተማችንን በመሐል ሰንጥቆ በሚያልፍበት ዘመን ጣቢያው ውስጥ ትኬት ይሸጡ ነበር። ሦስቱም ወጣት ሳሉ አንድ የባቡር ሠራተኛ ከጅቡቲ ይህን ካሴት ያመጣላቸዋል፤ ሽፋን የለው፣ ስም የለው፤ ፀጉራቸውን ያስረዘሙ እንግሊዞች ይመስላሉ የሚጫወቱት። እንግሊዝኛውም እምብዛም ስላልገባቸው ለዘፈኖቹ የራሳቸውን ስም አወጡ። ከበሮው ጣቢያ እንደሚገባ ባቡር እየቀረበ የሚመጣው «ባቡሩ» ተባለ። ሁለተኛውን ገጽ ጠቅላላ የያዘው «ረጅሙ» ተባለ። በጣሪያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠብታ የሚጀምረው ደግሞ «ዝናቡ» ተባለ። ረጅሙ የጋሽ ማናሴ፣ ባቡሩ የጋሽ ጉተማ፣ ዝናቡ የአባቴ ነው፤ እሁድ እሁድ የትኛው እንደሚበልጥ ተከራክረው ድምፅ ይሰጣሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ኢንተርኔት የባንዱንም የዘፈኖቹንም ትክክለኛ ስም፣ የሙዚቃው ዓይነትም ፕሮግረሲቭ ሮክ እንደሚባል ነገራቸው። ጋሽ ጉተማ ሰምተው «መልካም፣ እነሱም የወደዱትን ይጥሩት» አሉ፤ በዚያው ቀረ።

«አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ»፣ እንዴት ነሽ ልጄ፣ ብለው ጋሽ ጉተማ ግንባሬን ሳሙኝ። ለአባቴም ፊት ለፊት ቆመው፣ «ዘይኔ፣ ነገ ለአያንቱ ጋቢናውን ያዝላት። ፈተና አለባት፣ አሰላ በጊዜ መግባት አለባት» አሉት። አያንቱ የልጃቸው ልጅ ናት፤ አሰላ ትማራለች፤ ሰኞ ሰኞ ከአባቴ ጋር ነው የምትሄደው። አባቴ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ «በዓይኔ» አለ። ሻይ መጣ። እኔ የተሰነጠቀ ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጬ መናገሪያ ጊዜ ጠበቅኩ፤ ሲመጣም አሳለፍኩት፤ እንደገና ሲመጣ እንደገና አሳለፍኩት።

ክርክሩን ጋሽ ማናሴ ጀመሩ። «ረጅሙን ሰምቶ የማይጨርስ ሰው ትዳርም አይጨርስም» አሉ እንደ ልማዳቸው። ዘፈኑ አንዴ ይቆጣል፣ አንዴ ይተኛል፣ አንዴ የሞተ ይመስልና ኦርጋኑ ከሥር ይቀሰቅሰዋል፤ ሙሉ ዕድሜ ማለት እንዲህ ነው ይላሉ። ጋሽ ጉተማ ቀጠሉ። ወትሮ የሚያነሱት የባቡሩን ፍጥነት ነው፤ ዛሬ ግን ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አዲስ ነገር ይዘው መጡ። አያንቱ ዘፈኑን ስልኳ ላይ ጭና ጆሮአቸው ላይ ማዳመጫ አድርጋላቸው፣ ከከበሮው ጀርባ፣ በግራ ጆሮ በኩል፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያልሰሙት ትንሽ ደወል ሰሙ። «ማናሴ ሙት! ጣቢያው ላይ የነበረው ደወል ነው። ባቡሩ ሊነሳ ሲል የምንደውላት። እንግሊዞቹ ከየት አመጧት?» አሉ፤ ዓይናቸው እርጥብ ብሎ ነበር።

አባቴ በትዕግሥት ጠብቆ አንገቱን ነቀነቀ። «ፍጥነት ብቻውን ዘፈን አይሆንም፣ ጉተማ» አለ። «በፍጥነት ከሆነማ አምቡላንስም ዘፋኝ ነው።»

የቆየ ቀልዱ ነው፤ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ አስቆናል። ዛሬ ግን ስለ ፍጥነት ያነሳ ሰው አልነበረም። ጋሽ ጉተማ ግራ ገብቷቸው ፈገግ አሉ፤ ጋሽ ማናሴ ሻያቸውን ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡ። አባቴ ለባለፈው እሁድ፣ ለባለፈው ዓመት ነበር መልስ የሚሰጠው። ክርክሩን በቃሉ ያውቀዋልና ሰው የሚለውን ሳይሰማ ተራውን ብቻ ይጠብቃል። ስንት እሁድ እንዲህ እንዳሳለፈ አሰብኩ።

ተራው የዝናቡ ነበር። አባቴ ዝናቡን የሚወደው ዘፋኙ ቶሎ ስለማይገባ ነው። «ዘፋኙ እንግዳ ነው፤ ጨዋ እንግዳ ደግሞ ግባ እስኪባል ደጅ ይቆማል» ይላል። መጨረሻው ላይ ሁሉም ዝም ብሎ አንዲት ዋሽንት ብቻ ትቀራለች፤ ለእሷ ሲል ነው ሌላውን የሚታገሠው። ነገር ግን ዝናቡ አሸንፎ አያውቅም፤ ሁለቱ ያንቀላፉበታል። የዳኝነቱ ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው። ዘፈኑ ሲጀምር ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ዓይኑን የገለጠ ወይም የተናገረ ድምፁ አይቆጠርም። ጋሽ ማናሴ ካሴቱን ከተው ቁልፉን ተጫኑት። ጠብታው ጀመረ። ሦስት ሽማግሌዎች ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አባቴ በጣቱ ጉልበቱ ላይ ምቱን ይመታል፤ ምቱ እንግዳ ነው፣ ሰባት ቆጥሮ ነው የሚመለሰው፣ ሌላ ሰው ይስተዋል፣ እሱ ግን አይስትም።

ኦርጋኑ ገብቶ፣ ጊታሩ እየተከተለው ሳለ መብራት ጠፋ። ካሴቱ እንደሚያንኮራፋ ሰው ወርዶ ወርዶ ዝም አለ። በበሩ የሚገባው የቀን ብርሃን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ድምፁ ብቻ ነበር። ጋሽ ማናሴ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ጋሽ ጉተማም ገልጠው «እነዚህ ሰዎች…» ብለው መብራት ኃይልን ሊረግሙ ሲሉ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። አባቴ ዓይኑን አልገለጠም። ጣቱ አልቆመም። ውጭ ባጃጅ ያልፋል፣ ሎተሪ አዟሪ ይጣራል፤ ሱቁ ውስጥ ግን የሚሰማው የአባቴ ጣት ብቻ ነው፤ ሰባት፣ ደግሞ ሰባት። አንድ ቦታ ላይ ፈገግ አለ፤ ዘፋኙን እያስገባው መሆኑን አወቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ፈርቼ አላውቅም። ሦስታችንም አየነው፤ እርስ በርስ ግን አልተያየንም። ማንም ትከሻውን አልነካውም። እኔም አልነካሁትም።

ቆይቶ መብራቱ መጣ። ቴፑ እያቃሰተ ተነሳና ካቆመበት፣ ከመሐል፣ ቀጠለ፤ ዘፋኙ ገና አልገባም። ጣቱ ግን ጉልበቱ ላይ ቀስ አለ፣ ቆመ። አባቴ ዓይኑን ገለጠ፤ እንባ አቅርሮ ነበር። ኦርጋኑ ሱቁን እየሞላው እሱ ጸጥታ ውስጥ እንዳለ ሰው በለሆሳስ፣ «እስቲ ንገሩኝ፤ እንዲህ አድርጎ የሚያልቅ ዘፈን የታለ?» አለን።

ጋሽ ማናሴ እጃቸውን ዘርግተው ዴኩን በቀስታ ዘጉት። ጋሽ ጉተማ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤ ፊታቸውን ወደ አባቴ አዙረው፣ እያንዳንዱን ቃል በከንፈራቸው እያጎሉ፣ «ዛሬስ ረታኸኝ፣ ዘይኔ። ዝናቡ ነው» አሉት። ጋሽ ማናሴም «ዝናቡ ነው» አሉ። አባቴ መጀመሪያ አላመነም፤ ከዚያ እንደ ልጅ ሳቀ፤ ጭኑን መታ፤ ሻይ በእኔ ነው አለ፤ ተነስቶ ሁለቱንም ሳማቸው። ለአንድ አፍታ እኔም ተሸነፍኩ። ደስታው ደስ አለኝ፤ ዛሬን ልተወው፣ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ ለራሴ።

«በል እንግዲህ» አለ አባቴ ለጋሽ ጉተማ፣ «ለአያንቱ ንገራት፤ ነገ የምትሄደው ከዛሬው አሸናፊ ጋር ነው። ጋቢናዋን ይዣለሁ።»

ጋሽ ጉተማ የሻይ ብርጭቋቸውን አዟዟሩት። «ነገ እንኳ አትሄድም» አሉ። «ትንሽ ጉንፋን ይዟት… አሳርፋታለሁ ብዬ ነው።»

«ፈተናውስ?»

«ይደርሳል።»

አባቴ «አላህ ይማራት» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። እናቴ ዱዓዋን ይዛ ቤቷ ተቀምጣለች። ይትባረክ ሞጆ መስመር ገብቷል። ጋሽ ጉተማ የራሳቸውን አውጥተዋል። ሁሉም የራሱን ከመኪናው ላይ አውርዶ አባቴን በሩን ዘግቶለት «በሰላም ግባ» እያለው ነው። የዚያች የባጃጇ ሴት አፍ መጣብኝ።

«ጋሽ ጉተማ» አልኩ። «ለሌሎቹ ተሳፋሪዎችስ ማን ጉንፋን ያስይዛቸው?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። አባቴ የሁላችንንም ፊት ተራ በተራ አየ። ነገር እንዳለ ገባው፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ግን አልሰማም። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ፤ አገጩን ያዝኩት፤ እንዲህ ነክቼው አላውቅም። «አባ፣ እየኝ። ዘፈኑ መሐል መብራት ጠፍቶ ነበር።»

ዴኩን አየ። አምፖሉን አየ። «መቼ?» አለ።

«ዘፋኙ ሳይገባ።»

«ዘፋኙማ ገብቷል» አለኝ፤ ለልጅ እንደሚያስረዳ በዝግታ። «ገብቷል፣ ሱሃይላ። ሰምቼዋለሁ።»

ወደ ጋሽ ማናሴ ዞሮ «እስቲ ክፈተው» አላቸው። ከፈቱት። አባቴ ጎንበስ ብሎ በካሴቱ መስኮት ክሩ ሲዞር አየ፤ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳረፈ፤ ዘፋኙ ገብቶ፣ ጨርሶ፣ ዋሽንቷ ብቻዋን እስክትቀር እጁን አላነሳም። ዋሽንቷ ላይ ሲደርስ መዳፉን ገለጥ አድርጎ አየው፤ እንደገና ጫን አደረገው። «አሁን እየተጫወተች ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «እየተጫወተች ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ኪሱ ገብቶ የመኪናውን ቁልፍ አወጣና የሻይ ብርጭቆዎቹ መሐል አስቀመጠው። ጋሽ ጉተማ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ሚኒባሱን እዚያው ትተን በእግራችን ተመለስን። ከነገ ወዲያ ምን እንደምንበላ አላውቅም፤ እናቴን ምን እንደምላት አላውቅም፤ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፣ ቦታ ብቻ ነው የቀየረው። አባቴ ከእኔ ጋር ሲሄድ ሁልጊዜ በአስፋልቱ በኩል ነው የሚሆነው፤ እኔን ወደ አጥሩ ያስጠጋኛል። ዛሬ እኔ በአስፋልቱ በኩል ዞርኩ። አየኝና ለቀቀልኝ። መብራት ኃይል አካባቢ ስንደርስ ከኋላችን ከባድ ነገር እየቀረበ መጣ፤ እጁን ይዤ ወደ ጥግ ሳብኩት። ቆመ። ወደ ኋላ አልዞረም።

«ምንድነው?» አለኝ።

ልዞር ስል ትከሻዬን ያዘኝ። «ሳታዪ» አለ።

«መኪና ነው።»

«መኪና መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ምን ዓይነት?»

«አይሱዙ ይመስለኛል።»

«ጭኗል ወይስ ባዶውን ነው?»

«አላወቅኩም፣ አባ።»

«ስሚው» አለኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩና ሰማሁት።